በረኪና የበላው ስም

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለሱቁን አልከስም።
«ለነጭ ልብስ ብቻ» ይላል ጠርሙሱ፤ ማንበብም አያቅተኝም።
ግን ቅዳሜ ነበረ፣ ሰርግ ነበረብኝ፣
ሞተሯም የደቻቱን አቧራ ለብሳ አስጠላችብኝ።

ከታይዋን ገበያ የአርባ ብር በረኪና፣
እፍኝ ሙሉ ኦሞ፣ የሽቦ ስፖንጅም አመጣሁና
ፈተግኳት። አቦ፣ እንዴት አድርጌ እንደፈተግኳት!
የሰርግ ቤት ብረት ድስት ይመስል ገሸለጥኳት።
አረፋው ከላይዋ ቀይ ሆኖ ወረደ፤
ቆሻሻ መስሎኝ ደስ አለኝ፣
ለካስ ቀለሟ ነው ከታንከሩ የተሰደደ።

ሰርጉ በእግሬ ሄድኩ።

አባቴ የወባ መከላከያ ሠራተኛ ነበር፣
በዚች ያማሃ ከመልካ ጀብዱ ቢዮ አዋሌ ሲበር፣
መርጫው በጀርባው፣ ጭንብሉ ባንገቱ፣
ከታንከሩ ግንባር የእናቴ ስም፣ «ስንዱ»፣
በነጭ ቀለም፣ በጠማማ ጽሕፈቱ።
መድኃኒት ሲበጠብጥ እኛን አያስጠጋም፣
«ይሄ ዓይን የለውም» ይል ነበር፣
«ትንኝ ከሰው አይለይም።»
ሰማሁት። ሰምቼም በረኪና ገዛሁ።

ከ«ስንዱ» የቀረችው አንዷ «ስ» ብቻ ናት፣
እሷም ብትሆን አንድ እግሯን በረኪናው ቀርጥፎባት።

ሰኞ ጠዋት እየገፋሁ ሳቢያን ወሰድኳት፣
ኢፍቱ ከምታጥብበት፣ ከኒሟ ሥር አቆምኳት።
ኢፍቱ ዞራ አየቻት። ቀና ብላም አየችኝ፤
«ማን ነው እንዲህ የመታት?» ብላ ጠየቀችኝ።
«አጠብኳት» አልኩ።
«አይ። ይሄ መታጠብ አይደለም።»

ውሃ ልቅዳ ስል ባልዲዬን ነጠቀች፣
«በፀሐይ ግላለች፤ ትቀዝቅዝ መጀመሪያ» ብላ ተቀመጠች።
ተቀመጥን። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣ፣
አንድ ባጃጅ ሲሄድ፣ ሌላ ባጃጅ ሲመጣ፣
ኦቾሎኒ ፈልፍለን፣ ገለባውን እፍ ብለን።

ከዚያ ከሳጥኗ ጠርሙስ ታወጣ ጀመረች፣
ከእጇ ጀርባ ጠብ አድርጋ፣ እስኪደርቅ እየጠበቀች፦
«እዚህ ካቃጠለኝ፣ እዚያም ያቃጥላል፤
ቆዳስ ይሽራል፣ ቀለም በምን ይድናል?
ለገላዋ የመኪና ሻምፑ፤ ለባልዲ አንድ ክዳን ይበቃል፣
ኦሞ የካልሲ ነው፤ ፍሬው ቀለም ይፍቃል።
ሰንሰለቷን ነጭ ጋዝ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በትንሹ፤
ቤንዚን ግን ጎማ ያደርቃል፣ እሳትም ነው፣ አይድረስባት በጭራሹ።
ወንበሯን ቅባት አትቀባ፤ ታምራለች ብለህ እንዳትታለል፣
ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ፣ እሷ መንገድ፣ አንተ ገደል።
ፀሐይ ላይም አታድርቃት፤ የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፣
ጠብታው በኖ ይሄዳል፣ ነጭ ፈንጣጣ ጥሎባት።»

እጆቿን አየሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሳሙና
ጥፍሯ አልተሰነጠቀም፤ መዳፏ ለስላሳ ነውና
አፈርኩ፤ የኔ ጣቶች ገና ይላላጡ ነበር።

የነጭ ጋዙን እጣቢ ወደ ደቻቱ ልደፋ ስል
«ፍየል አለ እዚያ ታች!» አለች፣ ክርኔን ያዝ አድርጋ፣
በአሮጌ ጀሪካን ገለበጠችው፣ ክዳኑን ጠርቅማ።

«መቶ ሰማንያ ብር።»
ከፈልኩ። «ስሙን ልጻፍልህ? ነጭ ቀለም አለኝ።»
አፌን ከፈትኩ። መልስ አጣሁ። «ቆይ» ብቻ አልኳት፣
በጥላው ጥላው እየነዳሁ ከዚራ አደረስኳት።

ማታ እናቴ ወጣች። ታንከሩን በጣቷ ዳሰሰች።
እንድትቆጣ ጠበቅኩ።
«ድሮም አባትህ ፊደል አያምርለትም» ብላ ሳቀች።
ከዚያ የሱን አሮጌ ካናቴራ ውሃ ብቻ አስነክታ
«ስ»ን ጠረገቻት፣ ከአናቷ ጀምራ፣ በዝግታ፣
የጎደለው እግሯ ጋ ስትደርስ ግን
እጇን አነሳች።